ማክሰኞ ወይስ ዓርብ

ዶክተሩ የሕፃኑን ጭንቅላት ሲለካ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። አፊያ በጋናዋ ከተማ ኩማሲ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ ልኬት የሚደጋገመው የተገኘው ቁጥር ሲያስደነግጥ እንደሆነ አላጣችውም። ቀዝቃዛው ቅባት ሆዷ ላይ እንዳለ ዓይኗን ከአልትራሳውንዱ አልነቀለችም።

"ዶክተር፣ ዝም አይበሉኝ እንጂ።"

"ወንድ ልጅ ነው" አለ ወጣቱ ዶክተር አምፖንሳ፤ ከዚያ ማሽኑ ላይ ሁለት ጥቁር ክፍተቶችን በጣቱ አሳያት። "እነዚህ አንጎሉ ውስጥ ያሉ የውሃ ቦታዎች ናቸው። በጣም ሰፍተዋል። ውሃው መውረጃ አጥቶ ተጠራቅሟል።"

"ይሞትብኛል?"

"ላይሞት ይችላል። በሚቀጥለው ሳምንት በኦፕሬሽን እናዋልድሻለን፤ ከዚያ አንዲት የጭንቅላት ሐኪም ውሃውን በቀጭን ቱቦ ታወርድለታለች። ይራመዳል ወይ፣ ትምህርት ይገባዋል ወይ ብትዪኝ ግን ማሽኑ ይህን አያሳየኝም።" ቅባቱን መጥረጊያ ወረቀት አቀበላት። "ሐኪሟ የምትገኘው ማክሰኞና ዓርብ ነው። ቀኑን ከባለቤትሽ ጋር ተማከሪበት። ማክሰኞ ከሆነ ኩዋቤና፣ ዓርብ ከሆነ ኮፊ ልትዪው ነው። የቀን ስም በምርጫ ሲገኝ እስቲ እንይ!"

ሊያስቃት ፈልጎ ነበር፤ በአገራቸው ልጅ ስሙን የሚያገኘው ከተወለደበት ቀን እንጂ ተመርጦለት አይደለም። ሳቋ ባይመጣም ልቧ ማክሰኞን መረጠ። ባሏም የማክሰኞ ልጅ ነው፤ ኩዋቤና። የራሱን ስም የያዘ ልጅ አይጠላም ብላ ኮሪደሩ ላይ ሆና ደወለችለት።

የተባለችውን ሁሉ ነገረችው። ከወዲያ በኩል የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

"በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም" አለ ባሏ። "የእናንተን ቤት ጠይቂ።"

"የማንም ቤት አይደለም፤ በሽታ ነው።"

"እሺ፣ ማን ሊሸከመው ነው?"

"ማክሰኞ ቢወለድ እኮ ሞክሼህ ነው።"

"ስሜን ከዚህ ነገር አውጪልኝ!"

ዘጋባት። ደግማ ደወለች፤ አያነሳም። አጠገቧ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ከእህቶቻቸው ጋር ስለ ሕፃን ልብስ ይሳሳቃሉ። እሷ ለስንቱ ልጅ ሰፍታ ዛሬ እጇን የሚይዝላት አንድ ሰው አጣች። ብቸኝነቱ አንገበገባትና አለቀሰች። ስለ ራሱ የተባለውን ያልሰማው ልጅ ግን ጎኗን ረገጣት፤ እጇን እዚያው ብታሳርፍ ደግሞ ረገጣት።

እንባዋን ጠርጋ ወደ ዶክተሩ ክፍል ተመለሰች።

"ተማከራችሁ?"

"ተማክረናል" አለች እጇን ከሆዷ ላይ ሳታነሳ። "ዓርብ ይሁን። እኔም የዓርብ ልጅ ነኝ።"