የዶክተሩ እጅ

«እውነቴን ነው የምልህ፣ እጁ የተባረከ ነበር» አለች የሚጢጢ አክስት፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከቴርሞሱ ቡና ቀድታ ለባለፎቶኮፒው እያቀበለች። «ሞተ የተባለ ኮምፒውተር እሱ ከነካው ይነሣ ነበር።»

ሚጢጢ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ራሷን ነቀነቀች። ሚጢጢ ያላት ሟቹ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሠላሳን አልፋም ስሙ አልለቀቃትም። እሱን ደግሞ ሰፈሩ «ዶክተሩ» ይለው ነበር። መሥሪያ ቤቶች የጣሏቸውን አሮጌ ላፕቶፖች ሰብስቦ፣ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሲስተም ጭኖ ለትምህርት ቤቶች ይሸጥ ነበር። እሷም አብራው ስትሠራ ኖራለች። አቧራ ታራግፋለች፣ ሚሞሪ ትቀይራለች፣ ሊኑክሱንም ራሷ ትጭናለች። የዋይፋይ ኔትወርክ ካርዱ ላይ ስትደርስ ግን ነገር ይበላሻል። ካርዱ እዚያው ተሰክቶ እያለ ኮምፒውተሩ «የለም» ብሎ ድርቅ ይላል። ያኔ ወንድሟ ከኋላዋ ይመጣል።

«ዛሬም አልገባሽም? በይ ተነሺ፣ ሻይ ይዘሽልኝ ነይ።»

ሻዩን ይዛ ስትመለስ የካርዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

«እንዴት አደረግኸው?»

«እጅ ነው ሚጢጢ። እጅ ደግሞ አይማሩትም።»

አመነችው። ታላቅ ወንድም ነዋ! ሰው ወንድሙን ካላመነ ማንን ሊያምን ነው?

ባለፎቶኮፒው ሱቁ ከነሱ ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስኒውን ይዞ ወደ እሷ ጠጋ አለ።

«አይዞሽ እህቴ። እንግዲህ ሱቁን አንቺ ነሽ የምትይዥው።»

«ካርዱን ማን ያስነሣልኛል?»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ሰውዬ ግን ቡናም ያወጣዋል። ሊያጽናናት ብሎ ጉድ አፈነዳ።

«እሱማ ምን ችግር አለው! ካርዱ ፈርምዌር የምትባል ትንሽ ፋይል ናት የምትጎድለው። እሷን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት እንዲገባ ደግሞ እሷ ታስፈልጋለች። ስለዚህ በሌላ ኮምፒውተር አውርደሽ በፍላሽ ትሰጪዋለሽ፤ አለቀ። እኔን በአንድ ከሰዓት አይደል እንዴ ያስተማረኝ?»

«አንተን አስተማረህ?»

ሰውየው ስኒውን አስቀመጠ። «አንቺ… አታውቂም እንዴ?»

«ለምን ደበቀኝ?»

ወደ እናቷ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዴ ‹ሙያውን ከጨረሰች ምን ያስቀምጣታል? ጥላኝ ትሄዳለች› ብሎኝ ነበር። በኋላ ነግሯታል ብዬ ነው እኮ። ይቅር በይኝ።»

ሚጢጢ ተነሥታ ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች። ጠረጴዛው ላይ ሳይጨርሰው የሄደው ላፕቶፕ አለ። ፋይሏን አጠገቡ ባለው የወንድሟ ኮምፒውተር አወረደች፣ በፍላሽ ገልብጣ በቦታዋ አስቀመጠችና ላፕቶፑን አጥፍታ አስነሣችው። መብራቱ በራ። ሻይ ሳይፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

«ለዚህች!» አለች ብቻዋን።

ወንድሟ በሕይወት ሳለ አንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሉን ልትመራለት ጠርቷት ነበር። ለፈተና አሮጌ ላፕቶፕ ሰጥተው «ከኔትወርክ አገናኚው» አሏት። አልቻለችም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እያለቀሰች ሱቅ ስትመለስ ወንድሟ አቅፎ፣ «ተያቸው፣ እኔ ዘንድ ምን ጎደለሽ?» አላት። ያን ቀን ከሱ የበለጠ የሚወዳት ሰው በዓለም ላይ ያለ አልመሰላትም። ለካ የጎደላትን እያወቀ ነው ያቀፋት። ምነው በሕይወት ኖሮ በጮኸችበት! የሞተ ሰው ይለቀስለታል እንጂ አይሰደብም። እሷ ደግሞ አሁን ማልቀሱም አልመጣላት አለ።

በሩ ተከፈተና እናቷ ግድግዳውን ተደግፈው ብቅ አሉ። መብራቱን አዩት።

«በራልሽ? አንቺ ነሽ ያበራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተመስገን። ‹እህትህን ግማሽ ሙያ አስይዘህ እንዳታስቀራት› እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት። ‹ምንም አልደበቅኳትም እማዬ› ይለኝ ነበር።» ዓይናቸው በእንባ ሞላ። «አሳይቶሻል አይደል?»

ሚጢጢ እናቷን አየቻቸው። እውነቱ ምላሷ ላይ ነበር። ከሳሎን የአክስቷ ድምፅ ይሰማል፤ ለአዲስ እንግዳ ስለ ወንድሟ እጅ እያወራች ነው።

«አዎ እማዬ» አለች። «አሳይቶኛል።»

ወንበሩን ለእናቷ ለቀቀችላቸው። ከዚያ እናቷ ፊቷን እንዳያዩት ወደ ጠረጴዛው ዞራ፣ የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።