የሰባተኛው ቀን ታውሲያህ

«እማማ፣ መቃብሩ አባባን እየጨመቃቸው ነው?»

እማማ ሱርቲናህ ሩዝ የሚጠቀልሉበት የሙዝ ቅጠል እጃቸው ላይ ተቀደደ። የልጅ ልጃቸው ላራስ አያቷ ፓርቶ ከተቀበሩ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። በመጀመሪያው ምሽት ወጣቱ ኡስታዝ ሙባሮክ ስለ መቃብር ጥበት ሲናገር ሴቶቹን ከወንዶቹ በሚከልለው መጋረጃ ሥር ተቀምጣ ሰምታዋለች።

ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ለሟቹ ቁርኣን ይቀራል፣ ታውሲያህ የሚባለውን የምክር ንግግር ይሰማል፣ ከዚያ ሁሉም የምግብ ጥቅሉን አንጠልጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ተናጋሪው ያው ሙባሮክ ነው። 

በየለቅሶ ቤቱ ታውሲያህ የሚናገሩት ድሮ ፓርቶ ነበሩ። ታውሲያህ ማለት አደራ ነው፣ መንገደኛ በር ላይ ቆሞ ለቤተሰቡ የሚተወው፤ እየተሳደበ የሚሰናበት መንገደኛ አይታችኋል ወይ ይሉ ነበር። ሲመለሱ ጥቅላቸውን ይፈቱና ከሩዙ ጋር ያለውን ቅቅል እንቁላል በልብስ መስፊያ ክር ለሁለት ይከፍላሉ። ቢላዋ አስኳሉን ያበላሸዋል ባይ ናቸው። ትልቁ ግማሽ ሁልጊዜ የሚስታቸው የእማማ ሱርቲናህ ነበር።

ሙባሮክ ውዱእ ሲያደርግ እማማ ሱርቲናህ ጓሮ ድረስ ሄዱ።

«ልጄ፣ ዛሬ መቃብሩን ይተዉልኝ። ልጅቷ በረሃብ ልታልቅብኝ ነው።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ከራሴ አልፈጠርኩም።»

«ውሸት ነው መቼ አልኩ? ግን ለዚች ልጅ ምን አደራ ይተዉላታል?»

ኡስታዙ እግሩን ታጥቦ ገባ።

ቁርኣኑ ተቀርቶ ሲያበቃ ሙባሮክ ጉሮሮውን ጠረገ። እማማ ሱርቲናህ ከመጋረጃው ጀርባ የላራስን ጆሮ ሊሸፍኑ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሟቹ ቢናገሩ አንድ አደራ ይሉን ነበር» አለ ኡስታዙ። «በዚህ ቤት ማንም ጦሙን አይደር።» ሌላ አልጨመረም።

«ይኼስ ፓርቶን መሰለ» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «ሩዙ ሳይቀዘቅዝ ለቀቀን።»

እንግዶቹ ጥቅላቸውን ይዘው ተበተኑ። እማማ ሱርቲናህ ድሮ ፓርቶን ሲጠብቁ እንደለመዱት ደጅ ወጥተው የጫማ ኮቴ አዳመጡ። ኮቴው ሁሉ ከቤቱ የሚርቅ ነበር። ጥቅል ይዞ ወደዚህ የሚመጣ የለም።

ገብተው የተረፈውን ጥቅል ፈቱ። ከመርፌያቸው ክር መዘው እንቁላሉን ከፈሉት፤ ትልቁን ለላራስ ሰጧት። ልጅቷ መጀመሪያ አሸተተችው፣ ከዚያ ገመጠች።

ትንሹን ግማሽ፣ የፓርቶን ድርሻ፣ በሙዝ ቅጠሉ መልሰው ሸፈኑት።