የሠላሳ አንደኛዋ ተማሪ

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሙሉሰው ዝምታ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነቅዝ ኖሮ፣ ያን ዕለት ጠዋት እሱ ከሚኖርበት ከተማ ፒያሳ ተነሥቶ ወደ ወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ሲሳፈር ዱቄቱ ለራሱም ይታየው ጀመር።

ሙሉሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምህንድስና ያስተምራል። ከዚያ ጎን ለጎን ዶክተር ሕሊና የምትመራው ጥናት አባል ነው። ጥናቱ አርባ የምህንድስና ተማሪዎችን ከመጀመሪያ ዓመት እስከ ምረቃ ይከታተላል፤ ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ፣ ማን የት ላይ ቀረ፣ ለምንስ ቀረ? ሙሉሰው በየሴሚስተሩ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ፣ ድምፅ መቅጃውን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይጠይቃቸዋል። አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፤ መጠየቅ እንጂ መምከር የለም። «ከመከርናቸው ጥናቱ ተበላሸ ማለት ነው» ትላለች ሕሊና። ሙሉሰው ደግሞ ደንብ አክባሪ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የተባለው እንዲህ ላለው ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ተማሪ ቁጥር ሠላሳ አንድ ዓይናዲስ ትባላለች፤ የወገራ ገበሬ ልጅ ናት። ሦስተኛ ዓመት ሳለች፣ ኅዳር ላይ፣ ከዚያው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣ አባቷ ከገብስ ክምር ላይ ወድቀው እግራቸው መሰበሩን ነገረችው። አዝመራውን የሚሰበስብ ሰው ስለሌለ በማግስቱ እንደምትሄድ፣ ለከርሞ እንደምትመለስም ጨምራ ነገረችው። ሙሉሰው ሕጉን ያውቃል። ከመሄዷ በፊት ሬጅስትራር ዘንድ አንድ ገጽ ፎርም ብትሞላ ቦታዋ ይጠበቅላታል፤ ሳትሞላ ብትሄድ ግን በየትምህርቱ ኤፍ ተሰጥቷት ትባረራለች። ቢሮው ከተቀመጡበት ክፍል ሁለት በር አለፍ ብሎ ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ዋጠው። «እሺ፣ ገባኝ» አለና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ።

ተባረረች። በጥናቱ ሠንጠረዥ ላይ «ያቋረጠች» ተብላ ተሞላች፤ የሞላውም ሙሉሰው ራሱ ነው። አሁን የቀረው ያቋረጡትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ምክንያታቸውን መጠየቅ ነበር። ሌላ ሰው እንዲላክ ሁለት ጊዜ ለመነ። ሕሊና «አንተን ታውቅሃለች፤ የምትናገረው ለአንተ ነው» አለችው። እሱ የፈራውም ይህንኑ ነበር።

ከአውቶቡስ ወርዶ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሩ ሄደ። የዓይናዲስ አባት አያ አስናቀው እግራቸውን እየጎተቱ ከአጥሩ ውጭ ተቀበሉት። በግ ታርዷል። ዓይናዲስ ታጥቦ የተተኮሰ ቀሚስ ለብሳለች፤ ደብተሮቿ በላስቲክ ተጠቅልለው መደቡ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው በእግርዎ መጡ? በቅሎ እልክ አልነበር?» አሉ አያ አስናቀው። «ቢዘገይም ሸጋ ነው። እንኳን መጡልን።»

ሙሉሰው ግራ ገባው። ዓይናዲስ ጎንበስ ብላ ውሃ እያስታጠበችው «መልሱን ይዘው መጡ መምህር?» አለችው።

«የምን መልስ?»

«እንደምሄድ ነግሬዎት አልነበር? ስመለስ ስምሽ ከዝርዝሩ ወጥቷል ብለው ዘበኞቹ ከበር መለሱኝ። መምህሩ ያውቃል፣ ይነግርልኛል፣ ይጠሩኛል ብዬ ተቀመጥሁ። ትናንት እመጣለሁ ብለው ሲደውሉ ጊዜ፣ መልሱ ደረሰ አልን።»

«እኔም ይችን እግር ስረግም ኖርሁ» አሉ አባቷ። «ልጁን ከመንገድ ያስቀረ እያለ አገሩ ሁሉ ያማኛል። እውነቱን ነው።»

ለሹም የተነገረ ነገር እዚያ አገር ተነገረ ነው። ለሹሙ ነግሮ ደግሞ ለበረኛው፣ ለጸሐፊውና ለወረቀቱ የሚነግር የለም። ጠረጴዛ ይዞ፣ መቅጃ ከፍቶ «እሺ፣ ገባኝ» የሚል መምህር ካለ፣ ሌላ ምን ቢሮ ያስፈልጋል? ሙሉሰው ይህን አሁን ገና ተረዳው፤ ያውም ራሱ የገበሬ ልጅ ሆኖ።

«ጉዳዩ እየታየ ነው» ማለት ይችል ነበር። ያምኑት ነበር፣ መርቀውም ይሸኙት ነበር። ምግቡ ቀረበ። አያ አስናቀው ከሥጋው ደህና ደህናውን መርጠው፣ ጠቅልለው፣ ሊያጎርሱት እጃቸውን ዘረጉ። ሙሉሰው አፉን መክፈት አቃተው።

«ለማንም አልነገርሁም» አለ። «የሚሞላ ፎርም እንዳለ አውቅ ነበር፤ ለእሷም ዝም አልኋት። ያስቀራት እግርዎ አይደለም አያ አስናቀው። እኔ ነኝ።»

ጉርሻው በሽማግሌው እጅ እንዳለ ቀረ። «ታዲያ ያን ሁሉ የምትጠይቃት ለምን ነበር?»

«ለጥናት ነው። ተማሪዎች ለምን እንደሚያቋርጡ ለማወቅ።»

«አወቅኸው?»

ሙሉሰው በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ዓይናዲስ አላለቀሰችም። ከቦርሳው አውጥቶ ያስቀመጠውን መጠይቅ አንስታ አነበበች። ያቋረጡበት ምክንያት፦ የውጤት ማነስ፣ የገንዘብ ችግር፣ ጋብቻ፣ የቤተሰብ ጉዳይ። እያንዳንዱ ፊት ምልክት የሚደረግበት ሳጥን አለ።

«የእኔ የለበትም» አለች። «አላቋረጥሁም። ነግሬ ነው የሄድሁ።»

«እንዲሁ ብዬ እጽፈዋለሁ» አላት። «ለጥናቱ አይደለም፤ ነገ ጠዋት ሬጅስትራር እወስደዋለሁ። ይመልሱሽ አይመልሱሽ እንጃ። እኔን ግን ይጠይቁኛል፤ ይጠይቁኝ።»

ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ጻፈ። አያ አስናቀው ማንበብ ስለማይችሉ «ምን አልህ?» አሉት።

«ተማሪዋ ነግራ ነው የሄደችው» ብሎ አነበበላቸው።

ሽማግሌው ጉርሻውን ወደ መሶቡ መለሱ።

«ለማን እንደነገረችም ጻፈው» አሉት።

ሙሉሰው ስሙን ከነአባቱ ጻፈ።