አሥራ ሁለተኛው መስመር

የመጀመሪያው ጥፊ በበድሪ ግራ ጆሮ ላይ ሲያርፍ፣ አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ አላነሳም። በቴሌቪዥኑ ደግሞ ይህ ነው የሚባል የሚታይ ነገር አልነበረም። አዲስ አበባ አደባባይ ላይ የሚያልፈው ሰልፈኛ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጥላ ተሸክሞ ይንገዳገዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ሁሉም በነጭ ብናኝ ይዋጣል።

«ትናንት ይሠራል ብለህ አልፈረምክም?» አለ ሻምበል ኃይለገብርኤል። የአውራጃው የደኅንነት ኃላፊ ነው፤ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

«ትናንት ይሠራ ነበር፣ ጓድ ሻምበል።»

ሁለተኛው ምት ቡጢ ነበር። የበድሪ ከንፈር ተሰነጠቀ።

«ዋናው ንግግር አምስት ሰዓት ላይ ይጀምራል። እስከዚያ ይህ ሣጥን ካልጠራ የማቆምህ ግድግዳው ሥር ነው። አንተ፣ ከኋላው አትለይ።» የመጨረሻው ቃል ክላሽንኮቭ ላነገተው ሚሊሻ ነበር።

ዕለቱ መስከረም ሁለት፣ ዓመቱ 1977 ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት። በድሪ በአሰበ ተፈሪ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያው ሲሠራ በቀን ሠራተኛነት ገብቶ፣ ከመሐንዲሶቹ እግር ሥር የሽቦን ነገር ለቃቅሞ የመጣ ሰው ነው። ስለዚህም ሐምሌ ላይ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሲያስጠራው አልደነቀውም። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ በአንድ አንቴና የወይዘሮ አጸደን ሆቴል፣ ከሥሩ የተደረደሩትን ሱቆችና ከጀርባ ያለውን አዳራሽ፣ በጠቅላላው አሥራ አንድ ቴሌቪዥን ማዳረስ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ባለካሬ ወረቀት ላይ አጎንብሶ ነደፈው። አንቴናው በሆቴሉ ጣሪያ ላይ፣ ፊቱ ተራራው ላይ ወዳለው ማሠራጫ። ከሥሩ ማጉያው። ከዚያ ዋናው ገመድ፣ በየሱቁ ደጃፍ አንድ አንድ ማከፋፈያ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከሞገዱ ስንት እንደሚበላ አሰላ፤ መጨረሻ ላይ ለአዳራሹ የሚተርፈው በቂ እስኪሆን ድረስ ሰረዘ፣ ደለዘ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ወይዘሮ አጸደ ንድፉን አይተው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «በኋላው መጋዘን ኮርኒስ ውስጥ ሽቦ አታሳልፍብኝ፣ በድሪ። እህል አለበት። ሰው ሲወጣ ሲወርድበት አልወድም።» እሱም መስመሩን በውጭ ግድግዳ አዞረላቸው። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ከእሳቸው ጋር ብዙ ቃል መለዋወጥ ከተወ ሰባት ዓመት አልፎታል።

አሁን የከንፈሩን ደም እየዋጠ በየሱቁ አለፈ። አሥሩም ጠርተው ይታያሉ። የተበላሸው አዳራሹ ብቻ ነው። እንግዲያው ችግሩ ከአሥረኛው በኋላ ነው፤ ያ ድርብ ጥላ ደግሞ የሚመጣው አንድ ሰው ያለ ማከፋፈያ ገመዱን ልጦ ሌላ ሽቦ ሲቀጥልበት ነው። በሐሳቡ ንድፉን ዘረጋ። አሥራ አንድ መስመር ነበር የሣለው። አሥራ ሁለተኛ አለ።

ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከክፈፉ ሥር አገኘው። የገመዱ ጥቁር ልባስ በምላጭ ተልጧል፤ ቀጭን ሽቦ ተጠምዝዞበት በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ምን አገኘህ?» አለ ሚሊሻው።

«ከውስጥ ማየት አለብኝ።»

ወይዘሮ አጸደ የመጋዘኑ በር ላይ ቆመው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። «ቁልፉ የለም» አሉ። ሚሊሻው በሰደፉ ጓጉንቸሩን ሁለቴ መታው፤ በሩ ተበረገደ። ከማሽላ ጆንያዎቹ መካከል መሰላል ነበር። በድሪ ወጣና የኮርኒሱን ክዳን በራሱ ገፍቶ ገባ።

በምስማር ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ዓይኑ እስኪለምድለት ቆየ። ፍራሽ። ባልዲ። ከጅቡቲ በኮንትሮባንድ የሚገባው ዓይነት ትንሽዬ ቴሌቪዥን፤ ድምፁ ተዘግቷል፣ ሰልፈኛው በዝምታ ያልፋል። ከፊቱ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ፀሐይ ያልነካው የገረጣ ሰው ተቀምጧል። ሰውየው ቀና አለ። በድሪ በዓይኖቹ አወቀው።

አሰግድ። የወይዘሮ አጸደ ልጅ። ድንበር ሲሻገር ተገደለ ተብሎ ድንኳን የተተከለለት፣ ከተማው ሁሉ ያለቀሰለት። በድሪ ብቻ ለቅሶ አልደረሰም ነበር። በ1969 ግንቦት ላይ አሰግድ ቀበሌው ደጃፍ ቆሞ፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ እንዳደረገ የሚገደሉትን ስም አነበበ። ሦስተኛው ስም አብዱልቃዲር ነበር፤ የበድሪ ታናሽ ወንድም። ሬሳው እስከ አሥር ሰዓት ገበያው ዳር ዋለ። በድሪ በትከሻው ተሸክሞ ወሰደው። ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ይሠራ የነበረው የአሰግድ የፖለቲካ ድርጅት ራሱ ከመንግሥት ተጣላና አዳኙ ታዳኝ ሆነ።

አሁን መጮህ ብቻ ይበቃ ነበር። ሚሊሻው ከሥር ነው። በድሪ ግን አልጮኸም። ለሌላ ሰው ሊሰጠው አልፈለገም።

ቀጭኑን ሽቦ ከቴሌቪዥኑ ነቀለና ተወረወረበት። አሰግድ እጁን ሳያነሳ ሽቦው አንገቱ ላይ ሁለቴ ዞረ። በድሪ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ጭኖ በሁለት እጁ ጎተተ። ሽቦው የሁለቱንም ሥጋ፣ የአንዱን አንገት፣ የአንዱን መዳፍ እየቆረጠ ገባ። አሰግድ አንድ ጊዜ ተራገጠ፤ ባልዲው ተገለበጠ። ዓይኖቹ ፈጠጡ፤ ምላሱ ወጣ። ግን ድምፅ አላወጣም። ሰባት ዓመት የለመደውን ዝምታ እየሞተም አልለቀቀውም።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለ ሚሊሻው ከሥር።

«ሽቦ እየጎተትኩ ነው» አለ በድሪ። የገዛ ድምፁ እርጋታ አስፈራው።

ይሄኔ ወይዘሮ አጸደ መናገር ጀመሩ። ጮክ ብለው፣ ያለ ማቋረጥ። ለሚሊሻው ወንበር አቀረቡለት፤ የበደሳ ቡና ዘንድሮ እንዴት እንደሆነ፣ የመሰላ መንገድ በዝናብ እንደተቆረጠ ነገሩት። በማያስቀው ሳቁ። ከላይ አንድ ነገር በወደቀ ቁጥር ድምፃቸው ከፍ ይላል፤ ይንቀጠቀጥና ይቀጥላል። በድሪ ጆሮው እየጮኸ ሰማቸው። ከላይ ምን እየሆነ እንደሆነ ያውቃሉ። ዝም ቢሉ ሚሊሻው ይሰማል፤ ቢጮኹም ልጃቸው ያው ሟች ነው። ስለዚህ የልጃቸውን መታነቅ በወሬ እየሸፈኑለት ነው፤ ለእሱ፣ ለበድሪ።

እጆቹ ላሉ። ለምን እንደላሉ አልገባውም። ሊያጠብቃቸው ሞከረ፤ እንቢ አሉት።

አሰግድ በጎኑ ወደቀ። እስትንፋሱ እያፏጨ ተመለሰ። በድሪ ፊቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ በኦሮምኛ፣ «ጨሊሲ» አለው፤ ዝም በል። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከተተና ወረደ።

«ደሙስ?» አለ ሚሊሻው።

«ቆርቆሮ ቆረጠኝ።»

ወይዘሮ አጸደ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ።

የተላጠውን ገመድ ቆርጦ እንደገና ሲያገናኘው ለአምስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። በአዳራሹ ቴሌቪዥን መስኮት ላይ ጥላዎቹ ወደየባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ሻምበሉ በድሪን ወደ ግቢው ይዞት ወጣ። «ማን ነው የነካው?»

«ማንም። እኔ ነኝ በደንብ ያላሰርኩት።»

«አንድ ስም ስጠኝና ሂድ።»

«የእኔ ስህተት ነው፣ ጓድ ሻምበል።»

ሻምበሉ በድሪን ቀኝ እጁን በደረጃው ድንጋይ ላይ እንዲዘረጋ አዘዘውና ለሚሊሻው ራሱን ነቀነቀለት። ሰደፉ ሦስት ጊዜ ወረደ። የመጀመሪያው ላይ በድሪ ጮኸ፤ ጩኸቱ ከአሥራ አንዱ ቴሌቪዥን በአንድነት በወጣው የሰልፍ ሙዚቃ ተዋጠ። ሦስተኛው ላይ መጮህ አልቻለም። አመልካች ጣቱ ወደ ኋላ ታጥፎ ቀረ፤ የመሐል ጣቱ አጥንት ነጭ ሆኖ ወጣ።

ሻምበሉና ሚሊሻው ንግግሩ እንዳያመልጣቸው ገቡ።

ወይዘሮ አጸደ በሳህን ለብ ያለ ውሃ ይዘው መጡ። አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ቀደዱ። እጁን ጭናቸው ላይ አድርገው ማጠብ ጀመሩ።

«ውሃ በማንኪያ ይስጡት» አለ በድሪ። «ምግብ ዛሬ አይውጥም።»

የሴትየዋ እጅ ቆመ። በመዳፉ ላይ ሽቦው ያሰመረውን ቀይ መስመር አዩት። ከጣቶቹ ይልቅ እሱን ነበር ብዙ ያዩት።

«ወንድምህ...» አሉ።

«ስሙን አይጥሩት።»

አልጠሩትም። የተሰበሩትን ጣቶች አንድ በአንድ እያቀኑ መጠቅለል ቀጠሉ። ሕመሙ ዓይኑን አጨለመው፤ እጁን ግን አልሳበም። ከአዳራሹ ውስጥ ሻምበሉ የበድሪን ስም ጠራ። ደግሞ ጠራ። ወይዘሮ አጸደ እጁን አልለቀቁም፤ እሱም አልነጠቃቸውም።