ሃያ አራት አረንጓዴ ሰዎች

«አትንቀሳቀስ እንጂ!» አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ የአውራ ጣት ግማሽ የማይሞላውን የፕላስቲክ ፈረሰኛ ተቆጥተው። ፈረሰኛው እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ የተንቀጠቀጠው የሳቸው እጅ ነው። ግን በዚያ ቤት ውስጥ ጥፋት የሚላከክበት ሌላ ሰው ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሃያ አራተኛው ነበር። ሃያ ሦስቱ በረንዳው ላይ በተዘረጋ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ተሰልፈው የነቀምት ፀሐይ እያደረቃቸው ነው። ጋሻ የያዘ፣ ቀስት የወጠረ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ሁሉም ከእግር እስከ ራሱ አረንጓዴ። ቀለሙ የግቢው በር ሲቀባ የተረፈ ነው፤ የመረጠችው ሟቿ ባለቤታቸው ብርቄ ናት።

ሰዎቹ የኬኔ ናቸው። ኬኔ አዳማ የምትኖረው የልጃቸው የቦንቱ ልጅ ናት፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ። በትምህርት ቤት ውድድር የተሸለመችውን የሰሌዳ ጨዋታ ከነካርቶኑ በሰው እጅ ላከችና፣ «አባባ፣ ለግማሽ ዓመት እረፍት ስመጣ አብረን እንጫወተዋለን። እስከዚያ አንተ ጋ ይቀመጥልኝ፤ እዚህ ትንሹ ወንድሜ ያኝክብኛል» አለቻቸው።

ይቀመጥ ነው ያለችው፣ ይቀባ አላለችም። ግን ዕድሜ ልኩን መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ካርታ ሲነድፍ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ ባዶ ቤት ሲቀመጥ እጁ አርፎ አይቀመጥም። ስልካቸው ላይ አንድ ፈረንጅ የጨዋታ ሰዎች አቀባብ ለጀማሪዎች ሲያስተምር አገኙ። አፉ ባይገባቸውም እጁ ገባቸው። አንድ ቀለም ብቻ መምረጥ፣ በጥቂት ቲነር ማቅጠን፣ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ሲደርቅ አንድ ጊዜ መድገም፣ ይኸው ነው። በጣት እንዳይበላሽ ደግሞ ሰውየውን መያዣ ላይ አጣብቆ መያዣውን እያዞሩ መቀባት።

መያዣ ፍለጋ ቤቱን ሲያምሱ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ የወተት ቆርቆሮ ወጣ። ውስጡ የዳማ ቆርኪ ነበር፤ አሥራ ሁለት የቢራ፣ አሥራ ሁለት የለስላሳ። ሃያ አራት ሰው፣ ሃያ አራት ቆርኪ። ዳማውን ከማን ጋር ይጫወቱበት እንደነበር ላለማሰብ እየጣሩ አንድ በአንድ በማስቲሽ አጣበቋቸው።

ፈረሰኛውን ከጓደኞቹ ጎን እንዳሰለፉት ስልኩ ጮኸ። ኬኔ ናት፣ በቪዲዮ።

«አባባ! ነገ እኮ ነው! ቲኬት ልንቆርጥ ነው!»

«አውቃለሁ። ቆይ አንዴ፣ የማሳይሽ ነገር አለ» አሉና ስልኩን ወደ ጋዜጣው አዞሩት።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ቀባሃቸው?»

«አስደነቅኩሽ?»

«በጣም ያምራሉ አባባ…። ግን የኔዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«ሁሉም ያንቺ ናቸው እንጂ!»

«አይደለም እኮ። ቀዮቹ የኔ፣ ሰማያዊዎቹ ያንተ፣ ነጮቹ የእማዬ ነበሩ። ስድስት ስድስት። አሁን ማን የማን እንደሆነ በምን እንለያለን?»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጋዜጣውን አዩት። ሰዎቹ ከካርቶን ሲወጡ ቀይም ሰማያዊም ነጭም ቢጫም እንደነበሩ አይተዋል። ፋብሪካው የተረፈ ፕላስቲክ እያቀለጠ ያወጣቸው መስሏቸው አዝነውላቸውም ነበር። ለአራት ሰው የተሠራ ጨዋታ መሆኑ ግን ጨርሶ አልታያቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻውን የበላ፣ ብቻውን ያመሸ ሰው፣ አንድ ዕቃ ስንት ሰው እንደሚፈልግ መቁጠር ይረሳል። ይህ ሲገባቸው አፈሩ። ከማፈራቸው ይልቅ ደግሞ ፈሩ። ባለፈው ክረምት ኬኔ አራት ቀን ልትቆይ መጥታ፣ በሁለተኛው ቀን ለእናቷ «አባባ ጋ እኮ ምንም የሚያጫውት ነገር የለም፣ እንሂድ» ስትል በጆሯቸው ሰምተዋል። በማግሥቱ ሄዱ። የዘንድሮው ተስፋቸው ይህ ካርቶን ነበር።

«አታስቢ» አሏት። «እስክትደርሺ ይለያሉ።»

ስልኩን እንደዘጉ ምላጭ አመጡና አንዱን ቀስተኛ መፋቅ ጀመሩ። ቀለሙ ሳይለቅ ቀስቱ ተሰበረ። ሰው የገደሉ ያህል ደነገጡና ምላጩን አስቀመጡት። ቲነር ውስጥ ቢነክሯቸው ፕላስቲኩ ይሟሟል። ሌላ ቀለም ገዝተው ቢደርቡ ወፍሮ ፊታቸው ይጠፋል። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ የመጣላቸው ክር ነው፤ አንገታቸው ላይ የሚታሰር ባለ ቀለም ክር። ክር ደግሞ ያለው ያሲን ጋ ነው።

ያሲን ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከሳቸው በር ሦስት ቤት አልፎ። ወላጆቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ ሲያመጡት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን የራሱ ጢም ሸብቷል። ብርቄ በሕይወት ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዳማ ይጫወቱ ነበር። አርባዋ ከወጣ በኋላም ያሲን እንደ ልማዱ መጥቶ በሩን አንኳኳ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግን ሬዲዮውን አጠፉና ኮቴው እስኪርቅ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀመጡ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። አምስት ቅዳሜ መጣ፣ በስድስተኛው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በሱቁ በኩል ላለማለፍ በላይኛው መንገድ ይዞራሉ።

አሁን ሰዎቹ እስኪደርቁ ጠብቀው፣ ካርቶኑን ታቅፈው፣ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠርገው ገቡ።

ያሲን የዩኒፎርም ሱሪ እየሰፋ ነበር። ቀና ብሎ አያቸው፤ የስፌት መኪናው ቆመ።

«አካም ኦልተን፣ ጋሽ ሀብቴ?» አለ፣ በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ ሲላቸው፣ ትላንት የተለያዩ ይመስል።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ። አንተስ? ዛህራስ ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ባለቤቴም ደህና ናት። ይቀመጡ።»

ሳይቀመጡ ነገሩን አስረዱት። ጨዋታውን፣ ኬኔን፣ አረንጓዴውን ቀለም። ያሲን አንዱን አነሳና በብርሃን አየው።

«ጥሩ እጅ ነው። ምንም አልተንጠባጠበም።»

«አንዱ ላይ ተንጠባጥቧል፣ ፈረሰኛው ላይ።»

ያሲን ሰውየውን ገለበጠውና ከሥሩ ያለውን ቆርኪ ተመለከተ።

«የኛ አይደለም እንዴ ይሄ?»

«ነው።»

«ለስላሳው የኔ ነበር።»

«አዎ። እኔ በቢራው ነበር የምጫወተው።» አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። «ያሲን፣ ያን ጊዜ ስትመጣ እኔ…»

«ቤት እንደነበሩ አውቃለሁ ጋሽ ሀብቴ። ሳንኳኳ ሬዲዮው ይጠፋል እኮ።»

የሚገቡበት ጠፋቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተደበቁ መስሏቸው ነበር።

«ታዲያ ምነው ምንም አላልክም?»

«ምን እላለሁ? ሐዘን ነው፣ ይለፍለት ብዬ ተውኩ።» ያሲን ከመሳቢያው የክር ጥቅል እያወጣ ፈገግ አለ። «ዛህራ ናት እንጂ ያስቸገረችኝ። ወላሂ፣ ያን ሰሞን ቅዳሜ ቤት በገባሁ ቁጥር ‹ዛሬስ ሬዲዮው ጠፋ?› ትለኛለች። እኔም ‹ጠፋ› እላታለሁ። በቃ።»

ሊስቁ ፈለጉ፣ ግን ዓይናቸው ውኃ አቀረረ፤ አንገታቸውን ደፍተው ሰዎቹን መደርደር ያዙ። ያሲን ክሩን ሁለት ዙር ይጠመጥማል፣ በልብስ ሰፊ ቋጠሮ ያስራል፣ ጫፉን በጥርሱ ይበጥሳል። እሳቸው ያቀብላሉ። ስድስት በቀይ፣ ስድስት በሰማያዊ፣ ስድስት በነጭ ታሰሩ። ቢጫው ጋ ሲደርሱ ጥቅሉ ባዶ ሆኖ ተገኘ።

«ቤት አለ፣ ዛህራ ጋ» አለ ያሲን። «ስድስቱን እዚሁ ይተዉልኝ፤ ሱቅ ስዘጋ አስሬ አመጣቸዋለሁ።» የቀሩትን ጥቅሎች ወደ መሳቢያው እየመለሰ ጨመረ። «ካልተመቸዎት ከበሩ ሥር አስቀምጬ እሄዳለሁ።»

«እሺ» አሉ። ለየትኛው እሺ እንዳሉ ግን ለራሳቸውም ግልጽ አልሆነላቸውም።

ቤት ገብተው የእንግዳውን አልጋ አነጠፉ። በረንዳውን ጠረጉ፣ ሰሌዳውን እዚያው በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቀዩን፣ ሰማያዊውንና ነጩን በየማዕዘኑ አቆሙ፤ አራተኛው ማዕዘን ባዶውን ቀረ። ሬዲዮውን ከፍተው ቁጭ እንዳሉ ስልክ ተደወለ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ቦንቱ ናት።

«አባዬ… ማሎ፣ እባክህ እንዳትቀየመኝ።»

ገባቸው። የቀረውን ለጨዋነት ሰሙ። አለቃዋ ፈቃዱን ሰርዞታል፣ የምትተካት ሠራተኛ ታማለች፣ ኬኔን ብቻዋን በአውቶቡስ መላክ ደግሞ አይሆንም። ምናልባት ለፋሲካ።

«ምንም አይደል፣ ሥራ ነው» አሉ። «ኬኔስ ምን አለች?»

«ከሰማች ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ‹ሰዎቹ ተለዩ ወይ ብለሽ ጠይቂው› አለችኝ። ምን ማለቷ ነው?»

«ተለይተዋል በያት። ቢጫዎቹ ብቻ ናቸው የቀሩት።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ብቸኝነት ለምደውት ነበር፤ እንግዳ ይመጣል ተብሎ የሚቀርበት ምሽት ግን ከለመዱት ይብሳል። የተነጠፈውን አልጋ በመስኮቱ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ። ካርቶኑን ሳቡ፤ ቀዮቹን መለሱ፣ ሰማያዊዎቹንም መለሱ። ፋሲካ ሩቅ ነው፣ ሰዎቹ እስከዚያ ሰሌዳው ላይ ተገትረው የሚቆዩበት ምክንያት የለም። ነጮቹን ሊያነሱ ሲሉ የግቢው በር ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ ረጋ ብሎ።

እጃቸው ማንም ሳያዘው ወደ ሬዲዮው ሄደ።

ጣታቸው ማዞሪያው ላይ አረፈ። ሁለተኛ አልተንኳኳም። ይልቅ ከአረንጓዴው በር ሥር ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ያሲን እንዳለው ዕቃውን አስቀምጦ ሊሄድ ነው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ማዞሪያውን ወደ ቀኝ አዞሩት፣ እስከ መጨረሻው። ዘፈኑ ግቢውን ሞልቶ መንገድ ድረስ ወጣ። እሳቸውም የበሩን ቁልፍ ይዘው ከበረንዳው ወረዱ።