እየዞረ የሚጠረግ ማሽን

«ማሽኑ ቆሞ ነበር ወይስ እየዞረ?»

ወለላ ከነጠላዋ ላይ የጥጥ ብናኝ አራገፈች። ጠያቂው ከደሴ የመጣ የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ ነው። ከጀርባዋ የፈረቃው አለቃ ጓድ ቢያዝን ቆሞ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ይፈታል።

«አይጨነቁ እናቴ። ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እኔ… ጥጥ ተሸክሜ ነበር። ልብ አላልኩም።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» አለ ተቆጣጣሪው።

ልብ ማለቱንስ ብላለች። ትናንት የሥራ ጓደኛዋ ሸሪፋ የማሽኑ ጥርስ ላይ የተጠመጠመውን ጥጥ ልትጠርግ እጇን ስትሰድ ማሽኑ እየዞረ ነበር። ሁልጊዜም የሚጠረገው እየዞረ ነው። በዚህ የኮምቦልቻ ጥጥ መዳመጫ፣ በወሩ ብዙ የዳመጠ ፈረቃ ቀይ ባንዲራ ይሰቀልለታል፤ ለመጥረግ ብሎ ማሽን ያቆመ ፈረቃ ባንዲራውን ያጣል። ቢያዝን የጥርሱን መከለያ ያስፈታውም ለዚሁ ነው። ሸሪፋ የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች አጣች።

ቢያዝን በር ላይ ደረሰባት።

«እትዬ ወለላ፣ ማሽኑ ቆሞ ነበር። ሳይፈቀድላት ያስነሳችው ራሷ ሸሪፋ ናት። በቃ።»

«ካሳዋስ?»

«እሱን ለእኛ ተዪው። ይልቅ ነገ ልጅሽን አልታየችን ይዘሻት ነይ። የሸሪፋ ቦታ የእሷ ነው፤ ያውም በቋሚነት።»

አልታየች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። ወለላ ለዚህች ልጅ ሥራ ያልለመነችው ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ ሆስፒታል ገባች። ሸሪፋ እጇን በፋሻ ተጠቅልላ ተኝታለች።

«ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እንዳትጸልዪልኝ፤ እዚህም ካድሬ አለ» አለቻት።

ወለላ ሳትወድ ሳቀች። ማታ ማታ በመሠረተ ትምህርት አንድ አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ለአስተማሪያችን ንገሪው፣ ሰሌዳ ላይ እንዳይጠራኝ። በግራ እጄ የምጽፈው ‹ሀ› የአህያ ኮቴ ነው የሚመስለው።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «እትዬ፣ ‹ራሷ ናት ያስነሳችው› እያሉ ነው አሉ። ወላሂ አልነካሁትም! አንቺ አይተሻል አይደል?»

ወለላ ፍራሹን ታስተካክል ጀመር።

ቤት ስትደርስ አልታየች ለነገ ሽርጥ አጥባ አስጥታለች።

«እማዬ፣ ማሽኑን የሚጠርገው ማነው?»

«አንቺ ነሻ።»

«ሲቆም?»

ወለላ የተሰጣውን ሽርጥ ገለበጠችው።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው መጣ። አልታየች ሽርጧን አስራ፣ መከለያ የሌለው ማሽን አጠገብ ቆማለች። ማሽኑ ይዞራል።

«እናቴ፣ የትናንቱን ጥያቄ…»

«እየዞረ ነበር» አለች ወለላ። «አሁን እንደሚዞረው። ሁላችንም የምንጠርገው እየዞረ ነው፤ ባንዲራው እንዳያመልጠን።»

«ልጅሽስ?» አላት ቢያዝን ቀስ ብሎ።

«ልጄ አሥር ጣት አላት።»

ሄዳ የአልታየችን ክንድ ያዘችና ከማሽኑ አራቀቻት። ተቆጣጣሪው ቃሏን መዝግቦ የአውራ ጣት ቀለሙን ሲያቀርብላት እስክሪብቶውን ጠየቀችው፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ «ወለላ» ብላ ጻፈች።

መከለያው ተገጠመ። ሸሪፋ ካሳዋን አግኝታ የዕቃ ግምጃ ቤት በር ጠባቂ ሆነች። ቢያዝንም በቦታው ቀረ። አልታየች ግን ቋሚነቱ ቀርቶባት ሥራ ፍለጋ አሰብ ወረደች።