ሰኔ ላይ የወደቀው የሞምባሳ እራት

ማርያምን እላችኋለሁ፣ ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት መቀሌ ውስጥ ከዓይደር እስከ ዓዲ ሓቂ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ እሄዳለሁ፤ ባጃጅ እንኳ አልለምንም።

ገብረሃንስ ዓዲ ሓቂ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ግድብ በደለል እንዳይሞላ የሚደረገውን የሚያስተምር መምህር ነው። ሞምባሳ ላይ ስለ ግድብ ትልቅ ጉባኤ ይካሄዳልና ና ተባለ፤ ሚስትህንም ይዘህ መምጣት ትችላለህ ተባለ። ከዚያች ቀን ወዲያ ሰውየው መቀመጥ አቃተው። እያስተማረ ይንጎራደዳል፣ ቁርሱን ቆሞ ይበላል። የሞምባሳን ካርታ ስልኩ ላይ ከፍቶ ርቀቱን በመቀሌ መንገድ ይለካል። ከግቢው በር ተነስቶ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ድረስ እየሄደ፣ እዚህ ጋ ሆቴሉ፣ እዚህ ጋ አሮጌው ከተማ፣ እዚህ ጋ የቅመም ሱቆቹ ይላል። ሽንኩርት ሻጮቹ ጋ ሲደርስ ሕንድ ውቅያኖስ ነው ብሎ ቀጥ ይላል። እሱን ሲከተል የከረመ የሰፈር ውሻ ከስቶ ጎድኑ ወጣ።

እንዲህ የሚቁነጠነጠው ያለ ነገር አይደለም። ከሮማነወርቅ ጋር የተጋቡት በዚያ ክፉ የጦርነት ዓመት ነው፤ ባንክ ዝግ፣ ስልክ ዝግ፣ ወፍጮ ዝግ። እሷ ደሴ ያደገች ልጅ ናት፤ ከወገኖቿ አንድም ሰው አልደረሰላትም። ድግስ የለ፣ ጫጉላ የለ፤ የሠርጋቸው እራት ቆሎ ነበር። ያን ቀን ገብረሃንስ አንድ ነገር ቃል ገባላት፦ ሰላም ሲሆን ባሕር የሚታይበት ጠረጴዛ ላይ እንደ ሰው ተቀምጠን እራት እንበላለን አላት። ስለዚህ ሞምባሳ ላይ ቀኑን ለግድቡ፣ ምሽቱን ለሮማነወርቅ ሰጠ። ለመጀመሪያው ምሽት የተጠበሰ ዓሣ፣ ለሁለተኛው በኮኮናት የተሠራ ኦክቶፐስ የሚሉት ባለ ስምንት እግር የባሕር እንስሳ፣ ለመጨረሻው ሩዝ በፍየል ሥጋ። በየቀኑ ያፈርሰዋል፣ በየቀኑ ይገነባዋል።

ጓደኛው ማዘንጊያ ከጎጃም መጥቶ እዚያው ግቢ የሚያስተምር ተረበኛ ነው። አንድ ቀን ካፌ ቁጭ ብለው፣ ማለትም ማዘንጊያ ቁጭ ብሎ ገብረሃንስ ቆሞ፣ እሱው የኦክቶፐሱን ነገር እንደገና አነሳ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ በሁለት እግርህ መቀመጥ አቅቶህ ስምንት ልትጨምርበት ነው?» አለው ማዘንጊያ። «ለመሆኑ ጉባኤው መቼ ነው?»

«ጁን።»

«ጁን በኛ ምን ወር ነው?»

ገብረሃንስ ጁንን ለጉባኤው፣ ሰኔን ለቤተ ክርስቲያኑ ለይቶ ያስቀመጠ ሰው ነው፤ ሁለቱ በሕይወታቸው ተገናኝተው አያውቁም። አሁን ጭንቅላቱ ውስጥ ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ሰኔ! የሐዋርያት ጾም!

ሌላ ሰው ቢሆን የሰኔ ጾም የቄሶች ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ሮማነወርቅ ግን እንደዚያ ማለት አትችልም። በዚያው ክፉ ዓመት ገብረሃንስ እህል ፍለጋ ገጠር ወጥቶ ድምፁ ሲጠፋ፣ በሕይወት ከተመለሰልኝ የሰኔን ጾም እንደ ካህናቱ እስከ ዕለተ ሞቴ እጾማለሁ ብላ ተሳለች። ግማሽ ጆንያ ማሽላ ተሸክሞ ተመለሰ። ስለቱ ስለ እሱ ነው፤ እንግዲህ እሱ በምን አፉ አፍርሺ ይበላት? ቢነግራት ደግሞ አንተ ሂድ፣ እኔ እቀራለሁ የምትለው መሰለው። እሷ ከሌለች ባሕሩም ጠረጴዛውም ምን ያደርጉለታል?

እየበረረ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቀሺ እንድርያስ ሄደ።

«ኣቦይ ቀሺ፣ ዓሣ ለመንገደኛ እንዴት ነው?»

«መንገደኛው ማነው፣ አንተ ነህ ወይስ ዓሣው?»

ሳይወድ በግድ ሁሉንም ዘረገፈው። ቀሺ እንድርያስም ጥያቄ አበዙ። ኦክቶፐስ ቅርፊት አለው? የለውም። ታዲያ በፍስኩስ ማን ፈቀደልህ? ጉብኝቱስ የት ነው? የኢየሱስ ምሽግ የሚባል የጥንት ግንብ አለ አላቸው። ኢየሱስ ምሽግ ምን ያደርግለታል ብለው ብዙ ተገረሙ። በመጨረሻ መስቀላቸውን አሳለሙትና፣

«ልጄ፣ አንተ የመጣኸው ስለ ዓሣ አይደለም» አሉት። «ሚስትህን መጠየቅ ፈርተህ ነው። ሂድና ጠይቃት።»

ባጃጅ ያዘ፤ ባጃጁ ቀርፋፋ ሆነበትና ወርዶ በእግሩ ቀደመው። ሮማነወርቅ ለጉዞው የምትለብሰውን ቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ ነገራት። መርፌዋን ሳታቆም ሳቀች።

«ጁን ያልከኝ ቀን ነው ያወቅኩት» አለችው።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ስሮጥ እያየሽኝ?»

«ከዚያ ዓመት ወዲህ ከነገ አልፈህ ስታስብ አይቼህ አላውቅማ። ለዛሬ ዳቦ፣ ለነገ ውሃ፣ አለቀ። አሁን ከአንድ ወር በኋላ ስለሚበላ እራት ስታወራ... ደስ አለኝ። ላቋርጥህ አልፈለግኩም።»

«ትቀሪያለሽ ወይ?»

«ማን እቀራለሁ አለህ? ሞምባሳ ቦሎቄ የለም?»

ገብረሃንስ ስለ ሞምባሳ ያላነበበው ነገር አልነበረም፤ ስለ ቦሎቄ ብቻ አላነበበም። ስልኩን አወጣ። ቦሎቄ በኮኮናት ወተት፣ ምስር፣ ስስ ቂጣ፣ የተጠበሰ ካሳቫ የሚባል ሥር፣ የጾም ነገር በየመንገዱ ሞልቷል! ፍየሉን ሰረዘ፣ ዓሣውን ሰረዘ፤ ኦክቶፐሱ ላይ ትንሽ ቆየ፣ እሱንም ሰረዘ። የዚያን ዓመት የሰኔን ጾም እሱም አብሯት ያዘ።

ሄዱም። ቀን ስለ ግድብ ተናገረ፣ ምሽጉን ከሰዓት አዩ፣ ምሽት ላይ ባሕር የሚታይበት ጠረጴዛ ተገኘ። ቦሎቄው እየጨሰ መጣ። ገብረሃንስ ቁጭ አለ፤ እራቱ እስኪያልቅም ከወንበሩ አልተነሳም።

እንግዲህ ማርያምን ብያለሁና አንዷን ላስተካክል። ቁጭ አለ ያልኩት ከራሴ የጨመርኩት ነው። ምግቡ እንደቀረበ ማዕበሉን ከቅርብ ልየው ብሎ ብድግ አለ። ሮማነወርቅ ሳህኑን አንስታ ተከተለችው፤ አሸዋው ላይ እየተራመዱ፣ አንዴ ለራሷ አንዴ ለእሱ እያጎረሰች፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ሄዱ።